ስሜቱን መናገር ያቃተው ልጅ በምን ይለካል?

የ11 ዓመት ልጅ ነው እንበል። ሰኞ ጠዋት ደብተሩን ቦርሳው ውስጥ ከትቶ፣ ጫማውን አስሮ ሲያበቃ ሆዱን ይይዛል። እናቱ ጤና ጣቢያ ትወስደዋለች። ሰገራው ይመረመራል፣ ደሙ ይታያል፣ ሆዱ ይዳሰሳል፤ ምንም አይገኝም። «ምን ሆንክ?» ሲባል «ምንም» ይላል። «የሚያስፈራህ ነገር አለ?» ሲባል ትከሻውን ይሰብቃል። አባቱ ከትምህርት ለመቅረት የፈጠረው ሰበብ ነው ብሎ ይቆጣል። አያቱ ምች መትቶት ይሆናል ይላሉ። እንዲህ ያለ ልጅ የሌለበት ሰፈር የለም፤ ብዙውን ጊዜም እየዋሸ አይደለም። ሆዱ በእርግጥ ያመዋል። ከሕመሙ ጀርባ ያለው ፍርሃት ይሁን እፍረት ወይም ሐዘን፣ እሱን ግን ራሱም ለይቶ አያውቀውም።

ለዚህ ችግር የሥነ ልቦናው ዓለም ስም ከሰጠው ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቦስተን ቤዝ እስራኤል ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት የአእምሮ ሐኪም ፒተር ሲፍኒዮስ ከባልደረባቸው ከጆን ኒማያ ጋር አንድ ነገር ያስተውላሉ። ከጭንቀት ጋር የሚያያዙ የሰውነት ሕመሞች ይዘዋቸው ከሚመጡት ታካሚዎች አብዛኞቹ ስለ ስሜታቸው ሲጠየቁ የሚተርኩት ስለ ድርጊት ነበር፤ ማን ምን እንዳለ፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደተነሡ፣ የቱ ጋ እንደሚያማቸው። የተሰማቸውን ግን መናገር አይሆንላቸውም። ሲፍኒዮስ ይህን ሁኔታ አሌክሲታይሚያ አሉት። አሌክሲታይሚያ በሽታ አይደለም፤ በአእምሮ ሕመሞች መዝገብ ውስጥም ራሱን ችሎ አልተመዘገበም። በአንዱ ሰው ላይ በርትቶ፣ በሌላው ላይ ለዘብ ብሎ የሚታይ ጠባይ ነው።

ስም ከወጣ በኋላ መለካቱ ቀጠለ። ሲፍኒዮስ በ1973 ያቀረቡት መጠይቅ 17 ጥያቄዎች ነበሩት፤ የሚሞላውም ታካሚውን ያነጋገረው ሐኪም ነበር። ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራበት ግን ግሬም ቴይለር፣ ማይክል ባግቢና ጄምስ ፓርከር በካናዳ አዘጋጅተው በ1994 ያወጡት የቶሮንቶ አሌክሲታይሚያ መለኪያ ነው። 20 ዓረፍተ ነገሮች አሉት። ሰውየው ራሱ እያነበበ ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣል፤ ድምሩ ከ20 እስከ 100 ይደርሳል፤ 61 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው ችግሩ ጎላ ብሎ ታይቶበታል ይባላል። ዓረፍተ ነገሮቹ በሦስት ይከፈላሉ፦ ሰባቱ ስሜትን ለይቶ ማወቅን፣ አምስቱ ስሜትን በቃል መግለጽን፣ ስምንቱ ደግሞ ሐሳቡ ሁሉ ከራሱ ውጭ ባለው ነገር ላይ የሚያተኩርን ሰው ጠባይ ይመለከታሉ። በዚህ መለኪያ 1,285 ፊንላንዳውያን አዋቂዎች ተጠይቀው ውጤቱ በ1999 ሲታተም 13 በመቶዎቹ ከመስመሩ በላይ ሆነው ተገኙ፤ ከወንዶቹ 17 በመቶ፣ ከሴቶቹ 10 በመቶ።

ይህ የአዋቂ ነገር ነው። የ10 እና የ12 ዓመት ልጅ ዘንድ ሲደረስ መለኪያው ይንገዳገዳል። ፓርከርና ባልደረቦቻቸው በ2010 ባሳተሙት ጥናት የራሳቸውን መለኪያ በአራት የዕድሜ ክፍሎች ፈተሹት፦ ከ13 እስከ 14፣ ከ15 እስከ 16፣ ከ17 እስከ 18 እና ከ19 እስከ 21። ዕድሜው ዝቅ ባለ ቁጥር የመለኪያው ጥራትም አብሮ እየወረደ ሄደ። ከምክንያቶቹ ዋነኛው የቋንቋው ክብደት ነበር። መለኪያ የሠራ ሰው የሥራውን ጉድለት ራሱ መርምሮ በይፋ ማውጣቱ የሚያስመሰግን ነው፤ እነዚህ ተመራማሪዎች ባይናገሩት ኖሮ ጥያቄው ያልገባው ልጅ ሁሉ ስሜቱ እንዳልገባው ተቆጥሮ ይቀር ነበር።

ከቋንቋው በታች ደግሞ ሌላ ችግር አለ። መጠይቁ ልጁን የሚጠይቀው የሚሰማውን ለይቶ ያውቅ እንደሆነ ነው። ለዚህ ለመመለስ ልጁ ወደ ውስጡ ማየት፣ ያየውን መመዘን፣ ከሌላ ጊዜ ጋር ማወዳደር አለበት። የጎደለው ግን ይኸው ችሎታ ነው። ስለዚህ በጣም የተቸገረው ልጅ «እኔ ደህና ነኝ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጎ ሊያልፍ ይችላል፤ ስሜቱን በደንብ የሚከታተለውና መደናገሩን የሚያውቀው ልጅ ደግሞ ከፍተኛ ነጥብ ሊያገኝ ይችላል።

ኔዘርላንዳዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ካሮሊን ሪፈ ከፖል ኦስተርቬልድና ከማርክ ሜሩም ቴርቮክት ጋር በ2006 ያሳተሙት ሥራ ለዚህ ዕድሜ የተዘጋጀ የመጀመሪያ ሙከራ ባይባል እንኳ ብዙ የተሠራበት ነው። የቶሮንቶውን መለኪያ ወስደው 20ውንም ዓረፍተ ነገሮች ልጅ በሚረዳው ቋንቋ ጻፏቸው። አምስቱን የመልስ ደረጃዎች ወደ ሦስት አወረዷቸው፤ እኔን አይመለከትም፣ አንዳንዴ ይመለከተኛል፣ ብዙ ጊዜ ይመለከተኛል እንደ ማለት። ከዚያ ከ9 እስከ 15 ዓመት የሆኑ 740 ልጆች እንዲሞሉት አደረጉ። በእኛ የክፍል አቆጣጠር ከሦስተኛ እስከ ዘጠነኛ ክፍል ያሉ ልጆች መሆናቸው ነው።

ከሦስቱ ክፍሎች ሁለቱ በልጆቹም ላይ ጸኑ። ስሜትን መለየትንና ስሜትን መግለጽን የሚመለከቱት ጥያቄዎች በየወገናቸው አብረው ሄዱ፤ አንዱ ላይ «ብዙ ጊዜ» ያለ ልጅ በወገኑ ባሉት ጥያቄዎችም ወደዚያው ያዘነብል ነበር። ሦስተኛው ክፍል ግን ተበታተነ። አንዱን ጥያቄ ወደ ላይ የመለሰ ልጅ ሌላውን ወደ ታች ይመልሳል፤ ስምንቱ ጥያቄዎች አንድ ነገር እየለኩ አልነበረም ማለት ነው። በሌሎች አገሮች በታዳጊዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶችም ደካማ ሆኖ የተገኘው ይኸው ክፍል ነው።

ለምን ይሆን? መለኪያውን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ሁለት ነገር ያገኛል። የመጀመሪያው የጥያቄዎቹ ይዘት ነው። በአዋቂዎቹ መለኪያ ውስጥ ሰውየው ከከባድ የሥነ ልቦና ድራማ ይልቅ ቀለል ያለ መዝናኛ ይመርጥ እንደሆነ የሚጠይቅ አለ። የ40 ዓመት ሰው መልስ አንድ ነገር ይጠቁም ይሆናል፤ የ10 ዓመት ልጅ ቀለል ያለውን ቢመርጥ ግን ልጅነቱ ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ሁለተኛው የነጥብ አሰጣጡ ነው። ከ20ዎቹ ዓረፍተ ነገሮች አምስቱ በተቃራኒ የሚቆጠሩ ናቸው፤ በእነሱ ላይ «አዎ» ማለት ነጥብ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ከአምስቱ አራቱ የሚገኙት በዚሁ በሦስተኛው ክፍል ውስጥ ነው። እያነበበ አንድ አቅጣጫ የያዘ ልጅ ድንገት ወደ ኋላ የሚዞር ዓረፍተ ነገር ሲመጣበት ሳያስተውል በጀመረው አቅጣጫ ይቀጥላል። ሞግዚትም መምህርም የሚያውቀው ነገር ነው፦ «አልወድም ማለት አይደለም» ያለውን ልጅ ሁለተኛ ሳይጠይቁት ምን እንዳለ እርግጠኛ መሆን አይቻልም።

ከጸኑት ሁለት ክፍሎች አንደኛው የሰጠው ውጤት ግን ቀላል አልነበረም። ስሜታቸውን መለየት እንደሚቸግራቸው የተናገሩት ልጆች ራስ ምታትና ሆድ ቁርጠት የመሳሰሉ የሰውነት ሕመሞችንም አብዝተው የሚናገሩ ሆነው ተገኙ። ከሦስቱ ክፍሎች ከሰውነት ሕመም ጋር በይበልጥ የተያያዘው ይኸው አለመለየት ነው። ሕመሙ አለመለየቱን አመጣው ወይስ አለመለየቱ ሕመሙን፣ በአንድ ጊዜ የተሞላ መጠይቅ አይለየውም። ቢሆንም ጠዋት ጠዋት ሆዱን ለሚያመው ልጅ ሐኪሙ የሰገራ ምርመራ ካዘዘ በኋላ ሌላም ጥያቄ ማንሳት እንዳለበት በቂ ምክንያት ነው።

ሪፈ እዚህ ላይ አልቆሙም። በ2008 ከባልደረቦቻቸው ጋር 30 ጥያቄዎች ያሉት፣ ለልጆች ብለው የሠሩት የስሜት ግንዛቤ መጠይቅ አሳተሙ። የዚህ መጠይቅ ትልቁ ቁም ነገር አከፋፈሉ ነው። ስሜትን ከስሜት መለየትን፣ ስሜትን ለሌላ ማካፈልን፣ ስሜትን አለመደበቅን፣ የሰውነትን ምልክት ማስተዋልን፣ የሌላውን ሰው ስሜት ልብ ማለትን፣ የራስን ስሜት መመርመርን ለየብቻ ያስቀምጣቸዋል። በተለይ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ መለያየታቸው ለወላጅ ትልቅ ትምህርት ነው። ዝም ያለ ልጅ ሁሉ ዝምታው አንድ አይደለም። አንዱ የሚሰማውን አያውቀውም። አንዱ ያውቀዋል፣ ቃሉ ግን አይመጣለትም። ሦስተኛው ያውቀዋል፣ ቃሉም አለው፣ ግን አይናገርም። «ሆድ ይፍጀው» ሲባል እየሰማ ያደገ፣ በትልቅ ሰው ፊት ቅሬታ ማሰማት ነውር እንደሆነ የተነገረው፣ ወንድ ልጅ አያለቅስም የተባለ ልጅ ከሦስተኛዎቹ ወገን ሊሆን ይችላል። እሱን አሌክሲታይሚያ አለበት ማለት ስሕተት ነው። የሚያስፈልገውም እርዳታ ሌላ ነው፤ የመጀመሪያው ስሜቱን እንዲለይ ማገዝ ይፈልጋል፣ ሁለተኛው ቃል፣ ሦስተኛው ግን የሚያምነው ሰው።

ልጁ ስለ ራሱ እንዲመሰክር ሳይጠይቁ የሚለኩም መንገዶች አሉ። አሜሪካዊው ሐኪምና ተመራማሪ ሪቻርድ ሌን በ1990 ለአዋቂዎች ያቀረቡት፣ በ2005 ደግሞ ጄን ባጅጋርና ባልደረቦቿ አውስትራሊያ ውስጥ ለልጆች ያሰናዱት የስሜት ግንዛቤ ደረጃ መለኪያ ከእነዚህ አንዱ ነው። ለልጁ 12 አጫጭር ታሪኮች ይቀርቡለታል፤ በእያንዳንዱም አንተ ምን ይሰማሃል፣ ሌላውስ ሰው ምን ይሰማዋል ተብሎ ይጠየቃል። መልሱን የሚጽፈው በራሱ ቃል ነው።

በዚያው አምሳያ አንድ ታሪክ እናስብ። ሁለት የልብ ጓደኛሞች ለአንድ ሽልማት አብረው አጥንተው ተፈተኑ። አንደኛው ተሸለመ፤ አንተ ቀረህ። «አላውቅም» ብሎ የጻፈ ልጅ ዜሮ ያገኛል። «ራሴን ያመኛል» ያለ 1 ያገኛል፤ ሰውነቱን ጠቅሷልና። «መጥፎ ስሜት ይሰማኛል» ወይም «ወረቀቱን እቀደዋለሁ» ያለ 2 ያገኛል፤ ደስ እንዳላለው ታውቋል፣ የቱ ስሜት እንደሆነ ግን አልታወቀም። «አዝናለሁ» ያለ 3። «አዝናለሁ፣ ግን ለእሱ ደስ ይለኛል» ያለ 4። የራሱንም የጓደኛውንም ስሜት እንዲህ ድብልቅልቁን አውጥቶ፣ የሁለቱንም ለያይቶ ያስቀመጠ ልጅ 5 ያገኛል፤ «እኔ አዝናለሁ ግን እኮራበታለሁ፤ እሱ ደስ ይለዋል፣ እኔን ሲያይ ግን ይጨንቀዋል» እንደሚል ዓይነት። ይህ አካሄድ ደግ ነው ማለት ይቻላል። ልጁ ችግር እንዳለበት እንዲያምን አያስገድደውም፤ የሚችለውን እንዲያሳይ ዕድል ይሰጠዋል። ድካሙ ያለው አራሚው ላይ ነው፤ እያንዳንዱን መልስ አንብቦ፣ ቃል በቃል መዝኖ ነጥብ መስጠት ሰዓታት ይፈጃል። ጽሑፍ የሚከብደውም ልጅ በዚህ ይጎዳል።

ጽሑፍን ጨርሶ የተወውም ሙከራ አለ። ፊንላንዳዊው ላውሪ ኑመንማና ባልደረቦቻቸው ባዶ የሰው ምስል ሰጥተው፣ በየስሜቱ የትኛው የሰውነት ክፍል እንደሚነቃና የትኛው እንደሚደክም በቀለም እንዲሞላ ያደርጋሉ። ከ6 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች ላይ ሲሞከር፣ ዕድሜያቸው ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ስሜት ሥዕል ከሌላው እየተለየ ሄዷል። ትንንሾቹ ዘንድ የተለያዩ ስሜቶች ተቀራራቢ ቀለም ይይዛሉ።

ወላጅን መጠየቅስ? አሳዳጊ የሚሞላው 14 ጥያቄ ያለው መለኪያ አሜሪካ ውስጥ ተሠርቷል። ጠቃሚ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ቶማስ አኬንባክና ባልደረቦቻቸው በ1987 በ119 ጥናቶች ላይ ያደረጉት ግምገማ ለማንኛውም ወላጅ ሊነገር የሚገባው ነው። እናትና አባት፣ ወይም ሁለት መምህራን፣ ስለ አንድ ልጅ ጠባይ ሲጠየቁ መልሳቸው ደህና ይገጣጠማል፤ ፍጹም ስምምነት 1 ቢሆን 0.60 ያህል ነው። ልጁ ስለ ራሱ የሚለውና ሌሎች ስለ እሱ የሚሉት ግን የሚገጣጠመው 0.22 ያህል ብቻ ነው። እናት ልጇን አታውቅም ማለት አይደለም። እናት የምታየውን ልጁ አያየውም፣ ልጁ የሚሰማው ደግሞ ለእናት አይታይም፤ ስለዚህ ሁለቱም ይጠየቃሉ።

በዚህ ሁሉ መሐል ነጥብ ከፍ ብሎ ሲገኝ ቶሎ መደንገጥ አይገባም። ኤሪክ ኑክና ባልደረቦቹ በ2018 ከ5 እስከ 25 ዓመት የሆኑ ሰዎችን አጥንተው ያልተጠበቀ ነገር አገኙ። ስሜትን ከስሜት መለየት ከልጅነት ጀምሮ እያደገ የሚሄድ ሳይሆን በጉርምስና ዕድሜ ዝቅ ብሎ ኋላ የሚያንሰራራ ነው። ትንንሽ ልጆች በአንድ ጊዜ አንድ ስሜት ብቻ ይናገራሉ፤ ተናድጃለሁ ካሉ ተናድደዋል። ጎረምሶች ብዙ ስሜት በአንድ ጊዜ ይመጣባቸዋል፤ ቁጣው፣ እፍረቱ፣ ቅናቱ አንድ ላይ ተቋጥሮ ይቀመጣል፣ መፍታቱን ግን ገና አልተማሩም። እንግዲህ የ14 ዓመት ልጅ ግራ ገብቶኛል ቢል ብዙውን ጊዜ የዕድሜው ነው። ሌሎች ደግሞ ችግሩ ከዕድሜ ጋር የማያልፍላቸው አሉ። በ2019 የታተመ የጥናቶች ግምገማ እንደሚያሳየው ኦቲዝም ካላቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ አሌክሲታይሚያ ይታይባቸዋል፤ ከሌሎቹ 5 በመቶ ያህሉ ብቻ። ኦቲዝም ካላቸው ደግሞ ግማሾቹ ይህ ችግር የለባቸውም ማለት ነውና፣ «ኦቲዝም ያለበት ልጅ ስሜት አይገባውም» የሚለው በየመንደሩ የሚወራው ነገር መሠረት የለውም።

አንድ መለኪያ ከአገር አገር ሲሻገር ምን እንደሚደርስበት ለማየት ኢትዮጵያ ራሷ ጥሩ ምሳሌ አላት፤ ጉዳዩ የእናቶች ቢሆንም ትምህርቱ ለልጆቹም ይሆናል። ከወሊድ ጋር የሚመጣ ድባቴን ለመለየት በዓለም ብዙ የሚሠራበት የኤድንብራ መጠይቅ 10 ጥያቄዎች ያሉት ሲሆን፣ በአመዛኙ የሚጠይቀው ስለ ስሜት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ባለ 20 ጥያቄ መጠይቅ በአንጻሩ ራስ ምታትን፣ የምግብ ፍላጎትን፣ የእጅ መንቀጥቀጥን፣ የሆድ አለመመቸትን ከስሜቱ ጋር ቀላቅሎ ይጠይቃል። ሻርሎት ሃንሎንና ኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ሁለቱን በቡታጅራ ገጠር ፈትሸው በ2008 ሲያሳትሙ፣ የዓለም ጤና ድርጅቱ በተሻለ ሠራ፤ የኤድንብራው ደከመ። ሁለት ዓመት ቆይቶ የታተመ ሌላ ጥናት ግን የኤድንብራው መጠይቅ አዲስ አበባ ላይ በደንብ እንደሚሠራ አሳየ። ቋንቋው ያው አማርኛ ነው፣ አገሩም ያው፤ የተለየው ተጠያቂዎቹ ከመጠይቅ ጋር ያላቸው ትውውቅና ኑሯቸው ሳይሆን አይቀርም።

ስለዚህ የልጆቹን መለኪያ ወደ አማርኛ የሚያመጣ ሰው ሥራው በትርጉም አያልቅም። ከ12ቱ አጫጭር ታሪኮች ለአንዱ «ሆዴን ባር ባር አለኝ» ብሎ የመለሰ ልጅ ሰውነቱን ብቻ እንደጠቀሰ ተቆጥሮ 1 ነጥብ ቢሰጠው ተበድሏል፤ የአማርኛ ሰሚ ሁሉ የብቸኝነትና የሐዘን ስሜት እንደነገረው ያውቃል። ዋሽንግተን ዙሪያ ወይም ቴል አቪቭ የሚያድገው የሐበሻ ልጅ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት፤ ቤት ውስጥ የሚቆጡትና የሚያባብሉት በአማርኛ ነው፣ መጠይቁ የሚመጣለት በእንግሊዝኛ ወይም በዕብራይስጥ ነው። በአንዱ ቋንቋ ዝም ያለው ልጅ በሌላው አንደበተ ርቱዕ ሊሆን ስለሚችል፣ የትምህርት ቤቱ አማካሪ በሁለቱም መጠየቅ አለበት።

በሙያው የተለመደው አሠራር መጠይቁን ሁለት ሰዎች ለየብቻ እንዲተረጉሙት፣ ሦስተኛ ሰው ዋናውን ሳያይ ወደ መጀመሪያው ቋንቋ እንዲመልሰው፣ የተለያየውም እንዲታረቅ ማድረግ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ደረጃ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ለልጆች ግን ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። ጥቂት የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል ልጆች አንድ በአንድ ይቀመጣሉ፤ ግማሾቹ ከከተማ፣ ግማሾቹ ከገጠር። ጥያቄው ይነበብላቸዋል። መልሱን ከመስጠታቸው በፊት «ይህ ጥያቄ ምን እያለህ ነው? በራስህ አነጋገር ንገረኝ» ይባላሉ። ልጆቹ መልሰው ሊናገሩት ያልቻሉት ዓረፍተ ነገር፣ ቶሮንቶም ይጻፍ ኔዘርላንድስ፣ ይሰረዝና በሌላ ይተካል፤ አዲሱም ለሌሎች ልጆች እንደገና ይነበብላቸዋል።